ውሃ የተባለው ሶዲየም

አምስት ዓመት ሙሉ አንድ በር ሳጠና ኖርኩ። የቤት በር አይደለም። በአንጎል ሴል ግድግዳ ላይ የተሰካ፣ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ፕሮቲን ነው። አንዱ ሴል ለሌላው መልእክት ካስተላለፈ በኋላ፣ ጋባ የሚባለውን መልእክተኛ ኬሚካል ከመንገድ ላይ ለቅሞ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በሩ ሥራውን ካጓደለ አንጎል ይታወካል፤ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሕፃናት የአንዳንዶቹ ችግር እዚሁ በር ላይ ነው። እኔ ይህን በር ኮምፒውተር ውስጥ እሠራዋለሁ፤ ከነውሃው ከነጨው፣ ሩብ ሚሊዮን አቶም። ከዚያ እያንዳንዱ አቶም ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ኮምፒውተሩ ለሳምንታት ሲያሰላ ቁጭ ብዬ በሩ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። እናቴ በደወለች ቁጥር "ታዲያ ተከፈተ?" ትለኛለች። ከዶክትሬት ኮሚቴዬ አባላት ይልቅ ሥራዬ የገባት እሷ ሳትሆን አትቀርም።

አይናዲስ እባላለሁ፤ የምኖረው ኦክላንድ ነው። የዶክትሬት ዲፌንሴ፣ ማለትም ሥራዬን ኮሚቴው ፊት ቆሜ የምከላከልበት ቀን፣ ለሜይ አሥራ አራት ተቀጥሮ ነበር። ሳን ሆዜ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ግን ቀኑን አልጠበቀም፤ ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለኛል። መጀመሪያ ላይ እቆጣ ነበር፣ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። የእኛ ሰዎች በማዕረግ ለጋሶች ናቸው፤ ለሜይ አሥራ ስምንት የምስጋና ፕሮግራም ተይዞ፣ ኬኩ ላይ የሚጻፈው ቃል እንኳን ተመርጦ ነበር።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ጋሼ ህዝቅያስ ነው። ከአዲስ አበባ በኬሚስትሪ ዲግሪ ይዤ በዲቪ መጥቼ፣ ሄይዋርድ ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ አድራሻ ስለጥፍ፣ እሱ አሁን እኔ ባለሁበት ላብራቶሪ ተመራማሪ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ተዋወቅን። ምን እንደተማርኩ ሲሰማ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ በሚቀጥለው እሑድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ የሒሳብ ጥያቄ ሰጠኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ እሑድ እሑድ አስተማረኝ። ተሳስቼ ስገኝ "እንደገና" ከማለት በቀር ተቆጥቶኝ አያውቅም። ከላብራቶሪው ኃላፊ ከዶክተር ካረን ጋር ያገናኘኝም እሱ ነው።

እኔ ትምህርቱን ስጀምር እሱ ለቤተሰቡ ብሎ ምርምሩን ትቶ ሳንታ ክላራ ውስጥ የሶፍትዌር ሥራ ያዘ። ሲሄድ የመነሻ ፋይሉን ሰጠኝ። በሩ፣ ጨውና ውሃው ሁሉ በየቦታው የተቀመጠበት፣ ማንኛውም ስሌት የሚነሳበት ፋይል ነው። ራሱ ጋሼ በዚያ ፋይል ትልቁን የምርምር ጽሑፉን፣ ፔፐሩን፣ ጽፏል። በሩ ወደ ውስጥ በኩል በራሱ ጊዜ፣ በፍጥነት እንደሚከፈት ያሳየ ፔፐር ነው። በሕይወቱ ስሙ ፊት የተቀመጠበት ፔፐር እሱ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ በመስታወት ገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አንድ ተማሪ ሥራ ሲወርስ መጀመሪያ የሚያደርገው የወረሰውን መፈተሽ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ሁሉም ይህን ይማራል፤ እኔም ተምሬ ፈተናውን አልፌአለሁ። ግን የጋሼን መስመሮች አልፈተሽኩም። ከእሱ መስመሮች በታች የራሴን እየጨመርኩ አምስት ዓመት ሠራሁ እንጂ ወደ ላይ ወጥቼ አላየሁም። ስንፍና አልነበረም፤ ስንፍና ቢሆን ይቅር በለኝ ብዬ ባለፍኩት። ይሉኝታ ነው። የጋበዙኝን ምግብ አሽትቼ እንደ መብላት ያለ ነውር መሰለኝ።

ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ በእውነተኛ ሴል ላይ ሙከራ የሚሠሩ ተባባሪዎቻችን ውጤት ላኩልን። በሴሉ ውስጥ በሩ የሚከፈተው እኛ ካሰላነው በብዙ እጥፍ ዘግይቶ ነው። አማካሪዬ ዶክተር ካረን ነገሩን ቀለል አድርጋ አየችው። "ሴል ውስጥ ብዙ ነገር ይደባለቃል፤ ልዩነቱን በመመረቂያ ጽሑፍሽ የውይይት ክፍል ላይ ጥቀሺውና እለፊ" አለችኝ።

ማለፍ አልሆነልኝም። አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር የምናደድ ሰው ነኝ፤ ንዴቴ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል እንጂ አያስተኛኝም። ከእኛና ከእነሱ አንዳችን ተሳስተናል፤ ማን? ከራሴ ጀመርኩ። የጻፍኩትን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ መረመርኩ፣ ደጋግሜ አሰላሁ፣ ጓደኞቼን እስኪሸሹኝ ድረስ ጠየቅሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የኔ የሆነ ያልተፈተሸ ነገር አልቀረም። የቀረው የጋሼ ብቻ ነበር።

የሱን ክፍል የከፈትኩት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አገኘሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። በሩ ውስጥ ከጨው የመጡ ሁለት ሶዲየሞች የየራሳቸው ጎድጓዳ ቦታ አላቸው፤ አንደኛው ጋባውን አቅፎ ይይዛል፣ ሁለተኛው ለውስጠኛው በር መቀርቀሪያ ነው። የፕሮቲኑ ቅርጽ ከተነሳበት የራጅ ምስል ላይ ሶዲየምና ውሃ አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ሆነው ነው የሚታዩት፤ በዙሪያቸው ያሉት አቶሞች ምን ያህል ቀርበው እንደቆሙ ለክቶ ነው የሚለየው። ሁለተኛው ቦታ ላይ አምስት ኦክሲጅኖች ተጠጋግተው ከበዋል። እንዲህ የሚከበብ ሶዲየም ነው። የጋሼ ፋይል ግን በዚያ ቦታ ላይ "ውሃ" ይላል።

መቀርቀሪያ የሌለው በር ቢከፈት ምን ይገርማል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እንደሚባለው ሆነብኝ። ግን ፈረሱ ምን አደረገ? ሳልለጉም የጋለብኩት እኔ።

ወዲያው መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ለማንም ሳልናገር ውሃውን አውጥቼ ሶዲየሙን አስገባሁና ስሌቱን እንደገና ላክሁት። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። በድሮው ፋይል ላይ የተሠራው የመመረቂያ ጽሑፌ አራተኛ ምዕራፍ ፈረሰ፣ ከሱ ጋር የጋሼ ፔፐርም። ደግሜ አሰላሁ፤ አሁንም ያው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሑድ እሑድ ሳን ሆዜ እየሄድኩ ጋሼ ቤት ምሳ እበላለሁ፣ ያንን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። "ስሌቱ እንዴት ነው?" ይለኛል፤ "ደህና ነው" እለዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፤ ከውስጥ ስለሆነ ነው የማይታየው።

ማርች መጨረሻ ላይ ለዶክተር ካረን ነገርኳት። ጩኸት ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ወደኔ ስባ ያሳየኋትን ሥዕል አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ "አንደኛ ዓመት ላይ ለምን አልፈተሽሽውም?"

"ታላቄ ስለሆነ" አልኳት።

"እና?" አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ምክንያት እየጠበቀች ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምክንያት የለም። ፔፐሩ ለወጣበት መጽሔት እርማት መላክ እንዳለበት፣ የፔፐሩ ጸሐፊዎች ሁሉ በዚያው ሳምንት ማወቅ እንዳለባቸው ነገረችኝ። ለሌሎቹ እሷ ልትጽፍ ተስማማን። ለህዝቅያስ ግን እኔ በአካል ሄጄ እነግረዋለሁ አልኳት።

ቅዳሜ ከኦክላንድ ባርት የሚባለውን ባቡር ይዤ ሳን ሆዜ እስካለው ቤሪየሳ ጣቢያ ወረድኩ። በመንገድ ላይ ንግግሬን በሦስት ዓይነት አዘጋጀሁ፤ አንዱ ውስጥ እንዲያውም "ምናልባት" የሚል ቃል ስድስት ጊዜ ነበረበት። ጋሼ ጣቢያው ድረስ መጥቶ በመኪና ወሰደኝ። ቤት ስንደርስ ባለቤቱ እትዬ መንበረ ምግብ አቅርባ ጠበቀችን። እጄን ታጥቤ ስመለስ እንደማልበላ ገባኝ፤ ይህን ሰው አፌ ውስጥ እንጀራው እያለ ልነግረው አልችልም።

"ጋሼ፣ የማሳይዎት ነገር አለ" ብዬ ላፕቶፔን ሳህኖቹ መካከል ከፈትኩት። ካዘጋጀሁት ንግግር አንዱም አልመጣልኝም። "ሁለተኛው ቦታ ላይ ውሃ ነው ያደረጉት። ሶዲየም ነው።"

መነጽሩን አድርጎ አየ። ቦታውን በጣቱ አዟዙሮ ከሁሉም አቅጣጫ ተመለከተው፤ በዙሪያው ያሉትን ርቀቶች አንድ በአንድ ለካ። እትዬ መንበረ ሁለታችንንም አየችና ጭልፋውን አስቀመጠች።

"ልክ ነሽ" አለ። "ሶዲየም ነው። ስሌቱን በሶዲየም ራን አድርገሽዋል?"

"አድርጌዋለሁ። አይከፈትም።"

"መቼ አገኘሽው?"

ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር። "ፌብሩዋሪ ላይ" አልኩ።

"ዛሬ ኤፕሪል አምስት ነው።" ድምፁን አላነሳም። "ሁለት ወር እዚህ ተቀምጠሽ እየበላሽ ደህና ነው ስትይኝ ነበር?"

"እንዴት ብዬ ልንገርዎት ጋሼ? እርስዎን አክብሬ ነው። በፊትም ያልከፈትኩት እርስዎን ስለማከብር ነው።"

"በፊትም ማለት?" አለ። ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። "ከሰጠሁሽ ጀምሮ አንድ ቀን ቼክ አድርገሽው አታውቂም?"

"አድርጌው አላውቅም" አልኩ።

ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። "የማይፈተሸው የሞተ ሰው ሥራ ነው" አለኝ። "በየቀኑ ሳንታ ክላራ ሄጄ የሰው ኮድ ስጠግን የምውለው ምን እያልኩ ይመስልሻል? አንዲት ጎበዝ ልጅ ሥራዬን በጥርሷ ይዛ እየነከሰችው ነው፣ ስህተት ካለው ታገኘዋለች፣ ከሌለው ይቆማል እያልኩ ነበር። አንቺ ለካ እንደ ፎቶዬ ሰቅለሽኛል። ይሄ ማክበር አይደለም አይናዲስ፤ ቀብረሽኛል።"

ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ስህተቱ እንዳያዋርደው ነበር። ስህተቱን ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተቀብሎት ነበር፤ ያዋረድኩት እኔ በዝምታዬ ነው። አለቀስኩ፤ ከሀፍረት ይልቅ በራሴ ተናድጄ ነው ያለቀስኩት። እትዬ መንበረ "ካልደፈረሰ አይጠራም፤ በሉ ምግቡ ቀዘቀዘ" አለች። አንዳችንም አልበላንም።

ወደ ጣቢያው መለሰኝ። ልወርድ ስል ሁለት ነገር አዘዘኝ። "የድሮውንም ያንቺን አዲሱንም ፋይል ላኪልኝ። እርማቱንም አንቺ ጻፊው፤ ስሜን ግን ፊት አድርጊ።"

"ጥፋቱ የኔም ነው ጋሼ።"

"ፔፐሩ ላይ ፊት ነበርኩ፤ እርማቱም ላይ ፊት ነኝ። አንቺ ተከተይኝ።"

በዚያው ዕለት ፋይሎቹን ላክሁለት። ከዚያ አሥራ ሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ። በመካከሉ ባሉት እሑዶች ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ ዲፌንሴን አድናለሁ ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ። አራተኛውን ምዕራፍ አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። የድሮው "በሩ በራሱ ይከፈታል" ይል ነበር፤ አዲሱ "መቀርቀሪያው ካለ በሩ አይከፈትም፤ በሴሉ ሙከራ ዘግይቶ ሲከፈት የታየውም ለዚህ ነው" ይላል። ቆንጆ ሆነ። እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ አማረ፤ ዶክተር ካረን አንብባ "ስህተቱ ጠቀመሽ" አለችኝ። ቀኑ እንደተያዘ ይቆያል ተባለ። አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ በአዲሱ ስሌት ላይ ጋባው መቀመጫው ላይ አርፎ አይቀመጥም፣ ይወዛወዛል። ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ደወለ። "የት ነሽ?" አለኝ። ከቢሮው ፈቃድ ወስዶ ኦክላንድ መጥቷል፤ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ነው ያለው። ሮጬ ደረስኩ። ከሐይቁ ዳር ካሉት የድንጋይ ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ቁልፉንና ስልኩን ጭኖበት ተቀምጧል። ሳልቀመጥ ጀመረ።

"ሶዲየሙን ስታስገቢ የኤሌክትሪክ ቻርጁ ሚዛን እንዳይዛባ ሌላ ሶዲየም ከውጭው ውሃ አውጥተሻል፤ አይደል?"

"አዎ። በፋይሉ ዝርዝር ላይ ቁጥር ሁለትን።"

"ቁጥር ሁለት ከውጭ የነበረው በድሮው ፋይል ነው። አዲሱን ከዝርዝሩ አናት ላይ ስታስገቢው እሱ ቁጥር አንድ ሆነ፤ የቀሩት ሁሉ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ድሮ ቁጥር አንድ ማን ነበር?"

ማን እንደነበር አውቃለሁ። ጋባውን አቅፎ የሚይዘው ነው። መቀርቀሪያውን አስገብቼ አቃፊውን አውጥቼዋለሁ፤ ጋባው የሚወዛወዘው የሚይዘው አጥቶ ነው። ቆንጆው ምዕራፌ፣ የማይከፈተው በር፣ "ስህተቱ ጠቀመሽ" የተባለልኝ ሁሉ የተሠራው ሌላ ነገር በጎደለው በር ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ቦታውን በቀይ አክብቦታል፤ ተከራክሬ የማሸንፍበት ቀዳዳ ፈለግሁና አጣሁ።

ያኔ ንዴቴ ቀደመኝ። "ጋሼ፣ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር እኮ" አልኩት። "ዲፌንሴ አራት ሳምንት ነው የቀረው። ኮሚቴው አንብቦታል። እስኪያልፍ ጠብቀው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

"ዛሬ ጠዋት አገኘሁት" አለ። "ዛሬ ነገርኩሽ።"

ሁለት ሰዎች ከውሻቸው ጋር አጠገባችን አለፉ። አሥራ ሁለት ቀን ዝም ያለው ተቀይሞኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከሥራ መልስ ሁልጊዜ ቁጭ ብሎ በሩን ከመጀመሪያው አቶም ጀምሮ በራሱ እጅ ሲሠራው፣ ከኔ ጋር ሲያስተያየው ነው የከረመው። ማንም በሕይወቴ እንዲህ አክብሮኝ አያውቅም።

ስልኬን አወጣሁ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ለዶክተር ካረን ጻፍኩላት። አዲሱ ስሌት ስህተት አለበት፤ ስህተቱ የኔ ነው፤ ዲፌንሱ በሜይ አይሆንም። "ምናልባት" የሚል ቃል አልነበረበትም። ከመላኬ በፊት ጋሼ አንዴ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ፤ ላክሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ መለሰችልኝ፤ አዘነች፣ ግን ዲሴምበር ላይ ቦታ አለ አለች።

"ቤተ ክርስቲያን ምን ይላሉ?" አለኝ።

"ኬኩን ይብሉት። ዶክተር ያለመሆኔን እሑድ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

ሳቀ፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ላፕቶፔን ከፍቼ ባዶ ፋይል አወጣሁ። የሱንም አልወሰድኩም፣ የራሴንም አልቀዳሁም። እሱ ወረቀቶቹን ሰብስቦ አጠገቤ ተጠጋና "በይ፣ እኔ ላንብብልሽ አንቺ ጻፊ" አለኝ፤ ድሮ ሒሳብ ሲያስተምረኝ እንደሚያደርገው መሆኑ ነው።

"አይሆንም ጋሼ" አልኩት። "እኔው አነብባለሁ፣ እኔው እጽፋለሁ። እርስዎ ይከታተሉኝ፤ ስሳሳት ያስቁሙኝ።"

የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አስቆመኝ።